የሚሄድ ጠረጴዛ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ሹፌር ነው፤ የውኃ ቦቴ ይነዳል። ቧንቧ ሲደርቅ በየሰፈሩ እየዞረ ውኃ የሚያድለው እሱ ስለሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ልቡ ግን መሪው ላይ አልነበረም፤ እንጨት ላይ ነበር። መንገድ ዳር የወደቀ ዋንዛ ካየ መኪናውን አቁሞ ይወርዳል፤ ይዳብሰዋል፤ ያሸተዋል፤ «ይኼ እኮ በር ይወጣዋል!» ይላል ለብቻው።

ትርንጎ ልጄ፣ የጠየቅሽኝን ረስቼ ሌላ ወሬ የጀመርኩ አይምሰልሽ። «አባ፣ ሰው ከሚከብደው ሰው ጋር እንዴት አድርጎ ይኖራል?» ነው ያልሽኝ። የባልሽ አባት ከገጠር መጥተው አብረዋችሁ መኖር ከጀመሩ ወዲህ ቤቱ እንደ ጠበበሽ ነግረሽኛል። የነፍስ አባትሽ ነኝና «ታገሺ» ብዬ ልሸኝሽ እችል ነበር። «ታገሺ» የሚሉሽ ግን ሞልተዋል። ይልቅ የሹፌሩን ነገር ስሚኝ።

ሹፌሩ ሚስት አገባ፤ ተዋደዱ። የሚኖሩት ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ከኋላው ትንሽ ግቢ አለችው። አልጋቸው አንድ ነው። ብዙም ሳይቆይ የሚስቲቱ አባት ዐረፉና እናቷ አገር ቤት ብቻቸውን ቀሩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም አልሆነላቸውም። ባልና ሚስት ተማከሩና አመጧቸው። አልጋውን ለእሳቸው ለቀቁ፤ እነሱ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተው መተኛት ጀመሩ።

እኚህ አማት ትልቅ ሰው ነበሩ። በዕድሜ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ በአካልም ጭምር። በበር ሲገቡ ቤቱ ይጨልማል። ድምፃቸውም እንደ ሰውነታቸው ነው፤ ምሥጢር ሲያወሩ ጎረቤት ይሰማል። ሥራ ደግሞ የላቸውም። ሊያግዙ ሲነሡ ልጃቸው «እማዬ፣ አንቺ ዐረፍ በዪ» ትላቸዋለች። ስለዚህ ጠዋት በርጩማቸውን የጓሮው በር ላይ ያኖሩና ይቀመጣሉ፤ ሲመሽ ይነሣሉ። ሹፌሩ ወደ ግቢ ሊወጣ ሲል እሳቸው አሉ፤ ሊገባ ሲል እሳቸው አሉ። ሲወጣ «ወዴት ይሄዳሉ?» ይሉታል። ሲገባ «ከየት ይመጣሉ?» ይሉታል። በአገራቸው ወግ አማት አማቿን አንቱ ትለዋለችና ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «አንቱ» እያሉ ነበር የሚያነጋግሩት። እሱም «እርስዎ» እያለ ይመልሳል። «ደህና አደሩ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ከዚህ የዘለለ ወሬ አልነበራቸውም። መከባበሩ ነበረ፤ መቀራረቡ ግን የለም።

ሹፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ከበዱት እንጂ አልጠላቸውም። ከሥራ ሲመለስ፣ መኪናውን ካቆመ በኋላ፣ ወደ ቤት ለመግባት ትንሽ እንደ መንገደኛ እያመነታ ደጅ መቆም አመጣ።

በዚህ መሐል ሚስቲቱ ፀነሰች። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ከመሬት መነሣት አቃታት። ጠዋት ጠዋት ባሏ አንድ እጇን፣ እናቷ ሌላውን ይዘው ያነሷታል። አንድ ቀን እየሳቀች፣ «ሳልወልድ አልጋ ላይ ብወጣ ምን ነበረበት?» አለች። ባሏ አልሳቀም። «እኔው ራሴ እሠራልሻለሁ» አላት።

እንጨቱ ነበረው። ባለፉት ዓመታት ከየመንገዱ ሲሰበስብ የኖረው የዋንዛ ጣውላ ግቢው ጥግ ተደርድሯል። መጋዝ ነበረው፤ መላጊያ ነበረው። የጎደለው የሥራ ጠረጴዛ ነው። እንጨት ጭን ላይ አስቀምጠው አይልጉትም፤ ጣውላውን የሚያስይዙበት፣ መላጊያውን ሲገፉ ከሥር ቆሞ የሚቀበል ነገር ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ገበያ ወጣና ጠረጴዛ ሲመርጥ ዋለ። መጀመሪያ አናጺዎች ተራ ሄደ። አንድ አናጺ እግሩ የሰው ጭን የሚያህል፣ ገጹ በመሮና በመዶሻ ጠባሳ የተሞላ ጠረጴዛ አሳየው። «ጠረጴዛ በዓይን አይመረጥም፤ በወገብህ ገፋ አድርገው» አለው። ሹፌሩ ገፋው። ጠረጴዛው ከነመኖሩም አላወቀው። ሹፌሩ ወዲያው አማቱ ትዝ አሉት። «ይኼ አንዴ ግቢዬ ከገባ ማን ያወጣዋል?» አለና አመስግኖ አለፈ። ሌላው ደግሞ አሮጌ በር በሁለት በርሜል ላይ አጋድሞ «ይኸው ጠረጴዛ!» አለው። በርሜሎቹን ዞሮ አይቶ ግቢው ላይ በዓይነ ሕሊናው ቢያስቀምጣቸው ለራሱ የሚቆምበት አጣ።

መጨረሻ አንድ የዕቃ መደብር ገባ። እዚያ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ጠረጴዛ አገኘ። እግሩ ቀጭን ብረት ነው፤ ይታጠፋል፤ ታጥፎ በአንድ እጅ ይንጠለጠላል። ባለመደብሩ ደጋግሞ እየዘረጋ፣ እያጠፈ አሳየው። «ሥራህን ስትጨርስ አጥፈህ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለህ። ቦታ አይዝብህም፤ አይከብድህም፤ መኖሩም አይታወቅህም» አለው። ሹፌሩን የማረከው ይኼ «አይታወቅህም» የሚለው ቃል ነው። ገዛው። ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ እያፏጨ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ዙሪያውን አየችና፣ «ይኼ ቀጭን ነገር ሥራ ይችላል?» አለችው።

«በዚህ ቤት ውስጥ የሚታጠፍ አንድ ነገር እንኳ ይኑረኝ!» አላት።

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ። በሩ ላይ የተቀመጡት አማቱ ሰምተው ይሆን? እሳቸው ግን ወደ ግቢው እያዩ ነው።

ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ጠረጴዛውን ግቢው ውስጥ ዘረጋ። ጣውላውን አስያዘ። መላጊያውን አነሣ፣ አማተበ፣ ገፋ። ጠረጴዛው ሄደ።

እንዲያው እንደምልሽ ነው፤ ሄደ። መላጊያው እንጨቱን ሲነክስ ቀላሉ ጠረጴዛ ጣውላውን እንደ ያዘ ወደፊት ተንሸራተተ። ጎትቶ መለሰው፤ ገፋ፤ ሄደ። መለሰው፤ ገፋ፤ ሄደ። መመለሱ ሲሰለቸው እየተከተለ መላግ ጀመረ፤ ከእንጨቱ ክምር አጠገብ የተነሣው ሰው አንድ ጣውላ ሳይጨርስ ጎረቤቱ አጥር ደረሰ። ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ ቀልደኛ ሰው ነው። ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ ቦቴ ስትነዳ ዋልክ፤ አሁን ደግሞ ጠረጴዛህን ወዴት ነው የምትነዳው?» አለው።

በማግስቱ ነገሩ በሰፈሩ ሁሉ ተሰማ። ውኃ ሊቀዳ የተሰለፈ ሰው ጀሪካኑን እያቀበለ «ጠረጴዛውስ የት ደረሰ?» ይለዋል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ውስጡ ግን ይቃጠላል። የሚስቱ ቀን እየቀረበ ነው።

ያልሞከረው ነገር የለም። ጠረጴዛው እግር ላይ ድንጋይ አሠረ፤ ድንጋዩ ተንሸራቶ የእግሩን ጣት ሊፈጠፍጠው ለጥቂት ተረፈ። ጠረጴዛውን ግድግዳ አስደግፎ ገፋ፤ የግድግዳው ምርጊት ተፈንቅሎ ወደቀ። አማቱ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ኧረ ልጁ ሳይወለድ ቤቱን እንዳያፈርሱት!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እውነት መሆኑ ደግሞ ሹፌሩን ይበልጥ አናደደው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ሚስቲቱን ሊያነሷት ያዟት። ያን ቀን ወገቧን ይዟት ኖሮ ግማሽ ላይ ስትደርስ ጮኸች፤ ተመልሳ ቁጭ አለች። እንባዋ መጣ። ባሏ ወደ ግቢ ወጣ። ጣውላውን አስያዘ፤ ጥርሱን ነክሶ ገፋ። ጠረጴዛው ሄደ። አልመለሰውም፤ ተከትሎ ገፋ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ የሚሄድበትን ሳያይ፣ ገፋ፤ ገፋ፤ በመጨረሻ ጠረጴዛው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ቀና ቢል አማቱ ፊት ቆሟል። ሚስቱን አረጋግተው ገና በርጩማቸው ላይ መቀመጣቸው ነበር፤ ጠረጴዛው በርጩማቸውን ገጭቷል።

ሹፌሩ ክው አለ። «ይቅርታ እማማ፣ እኔ እኮ…» አለ።

አማቱ ጠረጴዛውን አዩ። እሱን አዩ። ተልጎ ያላለቀውን ጣውላ አዩ። ከዚያ የበሩን መቃን ይዘው ተነሡ፤ ዞሩ፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጡበት።

ብረቱ ሲጥ አለ። ሹፌሩ «አለቀለት» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። አልተሰበረም። እግሮቹ አፈሩ ውስጥ ጥቂት ሰመጡና ጸጥ አሉ።

«በል ላግ!» አሉት።

አንቱታውን ረሱት። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን «አንተ» ብለውት የማያውቁ ሰው፣ «በል ላግ!» አሉት፤ ልክ የወለዱትን ልጅ እንደሚያዙ።

ገፋ። መላጊያው ከወዲህኛው ጫፍ ተነሥቶ እሳቸው ጭን ድረስ ሳይደናቀፍ ሄደ። ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም። ረጅም፣ ስስ፣ እንደ ሪባን የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ወጣና እቅፋቸው ውስጥ ወደቀ። አንሥተው አሸተቱት። «እንዴት ደስ ይላል!» አሉ። ሹፌሩ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ እሳቸው ሲስቁ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። «እማማ፣ አይሳቁ! ይሄድብኛል!» ቢላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። ሚስቲቱ ምን መጣ ብላ ግድግዳ ይዛ ወጣች። እናቷ ጠረጴዛ ላይ ጉብ ብለው፣ እቅፋቸው በፍቅፋቂ ተሞልቶ፣ ባሏ ከሳቁ የተነሣ መላጊያውን መያዝ አቅቶት ስታይ እሷም ወገቧን ይዛ ሳቀች።

ጎረቤቱ በአጥሩ ብቅ አለ። «እሰይ! ሹፌሩ ተሳፋሪ አገኘ!»

አማቱ ዘወር ብለው፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፤ እዚያ ቆመህ ከምትለፈልፍ አንተም ተሳፈር» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ ደጅ ቆሞ ማመንታት ተወ። ሲደርስ አማቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። «ዛሬ ዘገየህ» ይሉታል። እሱ ይልጋል፤ እሳቸው ያወራሉ። ስለ ሟች ባላቸው አወሩለት፤ በሬ ሲጠፋበት ሚስቱን የሚቆጣ፣ በሬው ሲገኝ ግን ይቅርታ መጠየቅ አፍሮ ጎረቤት ሄዶ የሚያድር ሰው ነበር አሉት። የሹፌሩ ሚስት ልጅ ሳለች ጫጩት ጉያዋ ሸሽጋ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ፣ በቅዳሴው መሐል ጫጩቷ ጮኻ እንዳዋረደቻት አወሩለት። ሹፌሩ ሚስቱን የሚያውቃት መስሎት ነበር፤ ግማሿን ያገኛት ገና ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን የአልጋውን እግር እየላገ ሳለ አማቱ ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ታውቃለህ» አሉት፣ «እዚህ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ የምቀመጥበት ሁሉ የሰው መንገድ ነበር። ‹የሚታጠፍ ነገር ይኑረኝ› ያልከውንም ሰምቻለሁ። እውነትህን ነው፤ እኔ አልታጠፍም።»

ሹፌሩ መላጊያውን አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እዚያው ጎንበስ እንዳለ ቆየ። እሳቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉና፣ «በል ተነሥ፤ ላግ። ልጁ አንተን አይጠብቅም» አሉት።

አልጋው አለቀ። ሚስቲቱ ወጥታ ተኛችበት። ጠዋት ባሏና እናቷ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ እሷ ግን እግሯን አውርዳ፣ ማንም ሳይነካት፣ ብድግ አለች። ሁለቱም እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ። «ምን ትጠብቃላችሁ?» አለቻቸው። በዚያው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች፤ ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

ታዲያ እዚህ ላይ አላለቀም፤ ቢያልቅ ኖሮ እኔም አልነግርሽም ነበር። አራስ ልትጠይቅ የመጣች ሁሉ አልጋውን እያየች «ለእኔም ሥራልኝ» አለች። ሹፌሩም አሁን የጠረጴዛን ነገር ዐውቆታልና የሚታጠፈው እንደማይበቃው ገባው። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ወፍራም የዝግባ እንጨት አገኘና፣ ራሱን ችሎ የሚቆም ከባድ ጠረጴዛ ሊሠራ ተነሣ። የሚሠራውም በዚያው በሚታጠፈው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አማቱም ተቀምጠውበት። እግሮቹን ላገ፤ እሳቸው ተቀምጠዋል። ገጹን ላገ፤ እሳቸው ተቀምጠዋል። ወሬያቸው ግን ቀን በቀን እያነሰ ሄደ። ሹፌሩ «ሕፃኗ እንቅልፍ ነሥታቸው ነው» ብሎ አለፈው።

አዲሱ ጠረጴዛ ተገጣጠመ። ቀልደኛው ጎረቤት ሳይቀር አግዞ አቆሙት። ሹፌሩ ጣውላ ጣለበትና ገፋ። እንደ ተራራ ነው። ደግሞ ገፋ። የሚያምር ሥራ ነው፤ ግን ግቢው ጭጭ ብሏል። ቀና ብሎ ቢያይ አማቱ በርጩማቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወደ እሱም አያዩም።

መላጊያውን አኑሮ ሄደ። «እማማ፣ ምነው እዚህ?»

«ያኛው ራሱን ችሎ ይቆም የለ? እኔ እዚያ ምን ልሠራ?»

«ጠረጴዛውማ ይቆማል» አላቸው። «ብቻዬን የማልቆመው እኔ ነኝ።»

አማቱ ሊያባብላቸው መስሏቸው ፊቱን ትክ ብለው አዩት። ሊያባብል የመጣ ሰው ፊት አልነበረም። ተነሥተው እያዘገሙ ጠረጴዛው ድረስ ሄዱ። ቁመቱን በዓይናቸው ለኩና፣ «ይኼንንማ እንዴት አድርጌ ልወጣው ነው? ፍየል አደረግኸኝ እንዴ!» አሉ።

ሹፌሩ በአዲሱ ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ የሠራው የሰው አልጋ አልነበረም። ሁለት እርከን ያላት ትንሽ መወጣጫ ሠራ። አማቱ ቀሪ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእሷ እየወጡ ተቀመጡ፤ ልጅቷም እግር ስታወጣ ከጎናቸው ተቀመጠች። አልጋ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ስለ እንጨቱ ከመነጋገሩ በፊት ለእሳቸው እጅ ይነሣ ነበር።

እንግዲህ ትርንጎ፣ ያ ሹፌር አንቺ ነሽ። «ከበዱኝ» አልሽ፤ አምንሻለሁ፤ ይከብዳሉ። ሰው ከባድ ነው። አንቺም ለአንድ ሰው ትከብጂያለሽ፤ እኔም ለዚች ለምታስታምመኝ እኅቴ እከብዳታለሁ። ሹፌሩ አማቱን አላቀለላቸውም፤ ከክብደታቸው ቅንጣት አልጎደለም። በር ላይ ሳሉ መንገድ የዘጋው ያው ክብደት ነው ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ቤቱን ያቆመው። ሸክም የምንለው፣ ልጄ፣ ቦታ ያልተሰጠው ክብደት ነው። እንዲቀሉልሽ አትጸልዪ። ቤትሽ ውስጥ እየሄደ ያስቸገረሽ ነገር የቱ እንደሆነ ፈልጊና እዚያ ላይ አስቀምጫቸው።

ደግሞ እሱን ራስሽ ነግረሽኛል። ሕፃኑን ልታጠቢ በገባሽ ቁጥር ሱቅሽን ትዘጊያለሽ፤ ደንበኛ እያንኳኳ ይመለሳል። እሳቸው ደግሞ ጓዳ ተቀምጠው ጣራ ያያሉ። የሹፌሩ አማት ደፋር ነበሩና ማንም ሳይጠራቸው ተነሥተው ተቀመጡ፤ የባልሽን አባት ግን እንግድነት ይዟቸዋል፤ ካልጠራሻቸው አይነሡም። ነገ ወንበር አውጪና «አባባ፣ እዚህ ይቀመጡልኝ፤ ያለ እርስዎ ሱቁ አልቆም አለኝ» በያቸው። እውነትም አልቆመም፤ አልዋሸሽም። ዋጋ ይሳሳታሉ፤ ይሳሳቱ። ክብሪት ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» እያሉ ያቆዩታል፤ ያቆዩት።

ሳቅሽ? እሰይ! እንግዲያ ነገን አትጠብቂ። እንደ ሳቅሽ ግቢና ዛሬውኑ ንገሪያቸው።